መብራት ሄዶ በአፌ የጨረስኩት ፊልም

በፊልም ላይ ቁማርተኛ ሲከስር እንኳ ያምርበታል። ሱፍ ለብሷል፣ ሸሚዙ ነጭ ነው፣ ከራሱ በላይ ጣሪያውን የሞላ የመስታወት መብራት ተንጠልጥሏል። ሲያስብ ሙዚቃው ይቆምለታል፣ ሲያዝን ይጀመርለታል። ሁሉን አጥቶ ሲወጣ ደግሞ መንገዱ እርጥብ ሆኖ ከተማው ሲያብለጨልጭበት ያሳዩናል፤ እኛም ቁጭ ብለን «ምስኪን» እንላለን። ድንቄም ምስኪን። እኔ የማውቀው ቁማርተኛ ታላቅ ወንድሜ ነው። ቦቲ ጫማውን እንዳጠለቀ፣ ጭቃው ሳይራገፍ፣ ከመነኻሪያው ጀርባ ባለው ቤቲንግ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስማቸውን በወጉ መጥራት የማይችላቸውን የኳስ ቡድኖች ውጤት ይጠብቃል። ሙዚቃ የለም። የሚሰማው ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ነው፤ ሚዛን ተፈሪ ላይ ደግሞ ዝናብ መቼ ጠፍቶ።

ስለ ቁማር ፊልሞች ክፉ ለመናገር ከእኔ የበለጠ መብት ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከእኔ የበለጠ ሊያፍር የሚገባውም እንደዚያው። በወጣትነቴ እንጀራዬ እነሱ ነበሩ፤ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት የፊልም ተርጓሚ ነበርኩ። ለማያውቅ ልንገር፤ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ነው። በጭቃ የተለሰነ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እኔ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዤ ቆሜ በአማርኛ እናገራለሁ። ከሚያዩት ውስጥ በቤቱ ቤንችኛ የሚያወራ አለ፣ ሸኮኛ የሚያወራ አለ፣ ካፍኛ የሚያወራ አለ፤ ሁሉም የሚገናኘው በእኔ አማርኛ ላይ ነው። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነበር። ከአሥር ቃል አራቱን እሰማለሁ፣ የቀረውን ከፊታቸው አነበዋለሁ፣ ያልተነበበልኝን እፈጥረዋለሁ። ሰዉ ይወደኝ ነበር። እኔም ራሴን እወደው ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ቪዲዮ ቤታችን አንድ ደንብ ነበረው። መብራት ይሄዳል፤ ያውም ሁልጊዜ ልክ የፊልሙ አንጀት ላይ ሲደረስ ነው የሚሄደው። ባለቤቱ ጄኔሬተር የለውም፣ የተቀበለውን ገንዘብ መመለስ ደግሞ ሞቱ ነው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የቀረውን በአፍ መጨረስ የተርጓሚው ሥራ ነበር። መስኮቱን ከፍተን፣ ለጠፋው ቴሌቪዥን ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቆሜ እተርካለሁ። ሰዉም ምንም ሳይከፋው እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ፊልሙን ቀድሜ አይቼው ከሆነ ያየሁትን፣ ካላየሁትም ደስ ያለኝን እነግራቸዋለሁ።

ወንድሜ በገበያ ቀን ከሸኮ በኩል ወደ ከተማ ይወርድና የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር። አባታችን ሲሞት እሱ ሰባተኛ ክፍል ነበር፣ እኔ ገና ፊደል እቆጥራለሁ። ከሁለታችን አንዱ የቡናውን ጓሮ መያዝ ነበረበት። እሱ ደብተሩን ለእኔ ሰጠኝ፤ የእውነት ነው የምለው፣ ገና ግማሹ ያልተጻፈበትን ደብተር። ከዚያ ወዲህ በቡናው አስተማረኝ፣ አለበሰኝ፣ አሳደገኝ። ማይክ ይዤ ስቆም አጠገቡ ያለውን ሰው በክርኑ ነካ አድርጎ «ወንድሜ ነው» ሲል ከፊት ስለሚቀመጥ እሰማዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ ሲዲ መጣ። ገና ጠዋት ከጅማ በአይሱዙ ስለደረሰ እኔም ቀድሜ አላየሁትም። ስለ ቁማርተኛ ነው። ሰውየው ሥራውን አጥቷል፣ ቤቱን አስይዟል፣ መጨረሻ ላይ የሚስቱን ቀለበት ከመሳቢያ ሰርቆ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ቀለበቱን አስቀመጠ። ካርታ ተሰጠው። ካርታውን በአውራ ጣቱ ጫፍ ቀና ሲያደርግ መብራት ሄደ።

ቤቱ በአንድ ድምፅ «ወይኔ» አለ። መስኮቱ ተከፈተ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ የፊልሙ መጨረሻ ምን እንደሆነ የማውቀው አንድም ነገር የለኝም። ወንድሜን አየሁት፤ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ወደፊት ዘንበል ብሏል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። እንዲህ ሆኖ እያየሁት ሰውየውን ላከስረው አልቻልኩም። «ካርታውን ገለጠ» አልኩ። «አሸነፈ።» ጭብጨባ ሆነ። ጭብጨባ ሲሰማ የሚያቆም ተርጓሚ አላየሁም፤ ቀጠልኩ። ቀለበቱን አስመለስኩለት። ቤቱን ከባንክ አስወጣሁለት። ለሚስቱ ቀሚስ፣ ለልጁ ጫማ ገዛሁለት። ሞቅ ብሎኝ ለእናቱ ጋቢ አስገዛሁት። ያ ነጭ ፈረንጅ፣ ባሕር ማዶ፣ ጋቢ። አንድም ሰው «ጋቢ ከየት አመጣ» አላለኝም። ሲወጡ ዓይናቸውን የሚጠርጉ ሽማግሌ አይቻለሁ።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ ብቻዬን መጨረሻውን አየሁት። ሰውየው ከሰረ። ቀለበቱን ወሰዱት። ተነሣ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ወጣ፤ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ ቤት ገባና ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የተዋናዮቹ ስም ጽሑፍ መውረድ ጀመረ፤ አለቀ። ተናደድኩ። ይሄም መጨረሻ ተብሎ። ለባለቤቱ ብነግረው ሳቀብኝ። ሰዉ «ጋቢ ያለበትን ድገሙልን» እያለ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ደገምንላቸው። ሰውየው ካርታውን በአውራ ጣቱ ቀና ሲያደርግ ባለቤቱ ራሱ ማብሪያ ማጥፊያውን ጠቅ ያደርገዋል፣ እኔ «መብራት ሄደ» እላለሁ፣ መስኮት ይከፈታል፣ ለሰውየው ድሉን እሰጠዋለሁ። ስንት ጊዜ እንደሰጠሁት አላውቅም። ወንድሜም ከአንድ ሁለት ጊዜ በላይ ተቀምጦ ሰምቶኛል።

ከዚያ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ስልክ ያዘ። እኔ እዚያው ሚዛን አጠገብ አማን ላይ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ከፈትኩ። ወንድሜ አገባ፣ ሦስት ልጅ ወለደ፣ የሸኮ በኩሉ ቡናችን አማረበት። የለቀማ ሰሞን ቤቱ ስሄድ እሸት ቡናው በማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ሚስቱ ከላይ እየበተነች፣ እሱ ሰማዩን እያየ «ሊዘንብ ነው፣ ሸፍኑት» ሲል ነበር የማገኘው። ሰማይ በማየት የሚያህለው አልነበረም።

ቤቲንግ የመጣው በኋላ ነው። አንድ ቀን ጀንፈል፣ የደረቀ ቡናውን፣ አስረክቦ ሲመለስ ዝናብ ይዞት ከመነኻሪያው ጀርባ ተጠለለ። የተጠለለበት ቤት ቲኬት ይቆርጣል። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ አንድ ቆረጠ፤ ያቺ የመጀመሪያዋ በላች። ሥጋ ይዞ ገባ፣ ለልጆቹ ጫማ ይዞ ገባ። ጫማ መግዛቱን ስሰማ ፊልሙ ትዝ አለኝ። የእኔ ሰውዬ የገዛው ጫማ ነው የታየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር እኔ ነኝ የዘራሁበት የሚል ሐሳብ ያዘኝ፣ አልለቀቀኝም።

የፊልም ሰዎች የቁማርተኛ ሚስት ምን እንደምታደርግ የሚያውቁ ይመስላቸዋል። ሳህን ትሰብራለች፣ ትጮሃለች፣ ሻንጣ ይዛ በር ዘግታ ትወጣለች፤ አንድ ትዕይንት፣ ከዚያ አናያትም። ካሜራው ባልየውን ይከተላል፣ የሚያምረው እሱ ነዋ። የወንድሜ ሚስት አልጮኸችም። እሱ ስልኩ ላይ ሲያፈጥ እሸቱ ከቡናው እግር ላይ ደርቆ እንዳይረግፍ ቅርጫት አንግታ ብቻዋን ለቀመች። እሱ ሰማዩን ማየት ሲተው እሷ ማየት ጀመረች። ጀንፈሉን ከእናቷ ቤት ትደብቃለች፣ ያገኘዋል። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ታስቀምጣለች፣ ያገኛቸዋል። ማታ ሲገባ እራቱን ታቀርብለታለች። ልጆቹ ፊት አንድ ቃል አታወጣም። ይህን የሚያሳይ ፊልም ማን ይመለከታል፤ እኔ ራሴ ብተረጉመው ሰዉ ያፏጭብኝ ነበር።

እሷ ቃል የምታወጣው እኔ ሱቅ ስትመጣ ነው። አንድ እጅ ሙዝ በፌስታል ይዛ ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። «አንተ ስትናገር ሰው ይሰማል» ትለኛለች። «እባክህ አንድ ነገር በለው።» ያልኩትን ሁሉ ብቆጥር ይመሻል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ሽማግሌ ላክንበት። ሽማግሌ ፊት ማለ። ሲምል ከልቡ ነው፤ በማግስቱ ሲቆርጥም ከልቡ ነው። «ትላንት እኮ አንዲት ጨዋታ ናት ያቃጠለችኝ» ይለኛል፣ የቀሩት ሁሉ ገብተውለት አንዷ ብቻ እንደ ከዳችው። ሁልጊዜ አንዲት ናት የምታቃጥለው።

በመጨረሻ ጓሮው ላይ ደረሰ። የይዞታ ደብተሩ ከአባታችን የተላለፈው በሁለታችን ስም ነው፤ የእሷ ስም የለበትም። መሬት አይሸጥም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን በኪራይ ስም ለረጅም ዓመት ይሰጥና ልጅህ አድጎ እስኪያገባ የሰው ሆኖ ይቀራል። አንድ ነጋዴ ለአሥራ አምስት ዓመት ሊይዘው ተስማማ፤ ከቤቱ ዙሪያ ካለችው ጥቂት እግር ቡናና ጎደሬ በስተቀር ሁሉንም። የሁለታችን ፊርማ ከሌለ ግን ቀበሌው አይቀበልም።

ይህን የነገረችኝ እሷ ናት። የዚያን ቀን ሙዝ አልያዘችም፣ አልተቀመጠችም። «አንተ ካልፈረምክ አይሆንም አሉኝ» አለች። «ሌላ የምለምንህ የለም። አፈር ስሆን፣ እንዳትፈርም። ሦስቱንም ልጆች የማበላው ከዚያ ነው።»

«እጄን ይቁረጠው» አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ አውጥቼ ነው የሰጠኋት።

ላለመፈረም ብቻ አልነበረም የወሰንኩት፤ ላድነው ነበር የወሰንኩት። አየህ፣ የተርጓሚ በሽታ ነው። መድኃኒቱ እኔ ጋ ያለ መሰለኝ። ሃያ ዓመት ያስተኛሁትን ውሸት አውጥቼ፣ እውነተኛውን መጨረሻ አሳይቼው፣ «ይኸው፣ ሰውየው አላሸነፈም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁህ» ብዬ ብነግረው አንድ ነገር ከውስጡ ይነቀላል ብዬ አመንኩ። ፊልሙን ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች አስፈልጌ አገኘሁት። ቅዳሜ ቀን፣ ሱቄን ግማሽ ዘግቼ፣ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬ ጠራሁት። መጣ። ለፊርማው ጉዳይ የጠራሁት መስሎት ፀጉሩን ተስተካክሎ ነበር።

«ጋሼ፣ ያንን ፊልም ታስታውሰዋለህ?» አልኩት።

«የጋቢውን?» አለኝና ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት።

አብረን አየን። አልተረጎምኩለትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሰውየው ቀለበቱን ሲሰርቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ፣ ካርታውን ቀና ሲያደርግ እኔ ላፕቶፑን ትቼ የወንድሜን ፊት ነበር የማየው። መብራት አልሄደም። ሰውየው ከሰረ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ ይዞ የመጣውን የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈለ ይበላል።

«ይሄ ነው መጨረሻው» አልኩት። «ያኔ እኔ ነኝ የዋሸሁህ። መብራት ሲሄድ ፈጥሬ ነው የነገርኳችሁ። ካየሁት በኋላም አላረምኩትም።»

«አውቃለሁ እኮ» አለኝ።

«ምኑን?»

«በዚያው ሰሞን ቴፒ አይቼዋለሁ። ቡና ላደርስ ሄጄ። እነሱ ጋ መብራት አልሄደም፣ እስከ መጨረሻው ነው ያየነው።» አንድ ፍሬ ወደ አፉ ጣል አደረገ። «ሰዉ ሁሉ በአንተ ደስ ብሎት ነበር። ምን ብዬ ልንገርህ? እኔም ከእነሱ ይልቅ የአንተን ወድጄዋለሁ።»

ሃያ ዓመት። ሃያ ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ጥፋት ባዶ ጆንያ ሆነ። እፎይ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ለካ ያ ጥፋት ያኮራኝም ነበር። የሰው ሕይወት በእኔ አንደበት የሚቃና፣ በእኔ አንደበት የሚጠም መስሎኝ ኖሬያለሁ። እሱ ግን መጨረሻውን ያውቅ ነበር፤ ያቺን የመጀመሪያዋን ቲኬት ሲቆርጥም ያውቀው ነበር።

«ታዲያ እያወቅክ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። «ሰውየው እንደማያሸንፍ እያወቅክ?»

«ለማሸነፍ የምጫወት ይመስልሃል?» አለኝ። አልተቆጣም። የሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነው ያለው። «ቲኬቱ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ጨዋታው እስኪያልቅ ምንም አላስብም። ቡናውን አላስብም። ልጆቹን አላስብም። ደብተሬን ለአንተ የሰጠሁበትን ቀን አላስብም። ውስጤ ዝም ይልልኛል። ሲያልቅ ይመለሳል፣ ከዚያ ሌላ እቆርጣለሁ። ይኸው ነው።»

ስንት ቁማርተኛ በስንት ፊልም ተርጉሜያለሁ፤ አንዱ እንዲህ ሲል አልሰማሁም። ወይም ብሏል፣ ከአሥሩ እኔ ካልሰማኋቸው ስድስት ቃላት ውስጥ ነበር። ስለ ደብተሩ በሕይወቱ አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ያን ቀንም የወቀሰኝ አይደለም፤ ሲዘረዝር ነው የወጣው። ለዚህ ነው አንጀቴን የበላኝ። እኔ እኮ የራሱን ትምህርት ይዤ ነው ሃያ ዓመት ስናገር የኖርኩት። በእሱ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሜ ነው አሥረኛ የደረስኩት።

የተበላውን በቆሎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ይህችን ብቻ ፈርምልኝ» አለ። «ያለብኝን ዕዳ ልዝጋና ወደ ጓሮዬ እመለሳለሁ። ቤቱ ዙሪያ የቀረችው ታኖረናለች። ከዚህ በኋላ ብቆርጥ ወንድምህ አይደለሁም።»

ማመን አልነበረብኝም። አሁን ሲያዩት ሕፃን ልጅ እንኳ አያምነውም። ሲያልቅ ሌላ እቆርጣለሁ ያለኝ ሰው እኮ ነው፣ ከደቂቃ በፊት፣ በገዛ አፉ። እኔ ግን እየሰማሁት መጨረሻው ታየኝ፤ ዕዳው ተዘግቶ፣ እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ሰማይ ሲያይ፣ ልጆቹ ሲሯሯጡ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ስነግር ኖሬ ለራሴ ሲነገረኝ መቆም አቃተኝ። ደግሞም እምቢ ብዬ ዓይኑን ማየት ፈራሁ። ፍቅር አልለውም፤ ፍርሃት ነው።

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄደን ፈረምኩ። የውሉን ሦስት ቅጂ ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ ማሽኔ። ነጋዴው ሊከፍለኝ ሲል «ተወው፣ የቤት ጉዳይ ነው» አልኩት።

ወደ ጓሮው አልተመለሰም። ይህን ለመናገር ፊልም ማየት አያስፈልግም። ገንዘቡም ወደ ቲኬት ሄደ፤ እሱ ለጥቂት ሰሞን ጫማውን አስጠርጎ፣ ከዚያ እንደ ድሮው በቦቲው፣ ያው የፕላስቲክ ወንበር ላይ። ፊልሙ ሰውየው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያልቃል፤ ጽሑፍ ይወርዳል፣ ሰው ወንበሩን ትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወንድሜ ከተቀመጠ ወዲህ ግን ጽሑፍ አልወረደም። ዛሬም ሄደህ ብታይ እዚያው ነው፤ ሰላም ስለው ሰላም ይለኛል፣ ዓይኑ ግን ከቴሌቪዥኑ አይነሣም።

ሚስቱ በፈረምኩበት ሳምንት ሐሙስ ቀን መጣች። ሦስቱን ልጆችና አንድ የታሰረ ፍራሽ መንገድ ዳር አስቀምጣ፣ ወደ ጌጫ፣ ወደ እናቷ ቤት የሚወስዳት መኪና እየጠበቀች ነበር። ሱቄ ገባች። ሰላምታ አልሰጠችኝም። ነጋዴው ሠራተኞቹን አሰልፎ ለቀማ ሲገባ «በምን ሥልጣን» ብላ ቆማበት፣ ውሉን አውጥቶ አሳይቷታል፤ ፊርማዬን ያየችው ያኔ ነው።

እኔ መናገር ጀመርኩ። ምን ልሥራ፣ ሥራዬ ነው። ያሳደገኝ እሱ መሆኑን ነገርኳት፣ ደብተሩን ነገርኳት፣ መማሉን ነገርኳት። እያለቀሰ ለመነኝም አልኳት፤ አላለቀሰም ነበር። እስክጨርስ ታገሠችኝ፤ አንድም ቃል አላቋረጠችኝም።

«እሱስ ታሟል» አለች ስጨርስ። «ይሄ ከገባኝ ቆይቷል። አንተ ግን ደኅና ነህ። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ለመሳደብ አልነበረም ያለችው። የምር ነው የጠየቀችኝ፤ መልሱን ልትሰማ ባንኮኒው ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። እኔ የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ክዳን ከፍቼ ዘጋሁት። ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ፤ ትልቁ ልጅ ፍራሹን ማንሣት አቅቶት ሲጎትተው ታየኝ። እሷም ወጥታ በአንድ ጫፍ ያዘችለት።